የማይለቅ ነጥብ

የማርትሬዛው ብር እንከን አልነበረበትም። በላዩ የተቀረጸችው ሴትዮ አፍንጫ አልተፋቀም፤ በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት ዘጠኝ ሉሎች አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። ጡረታ የወጣው የላቦራቶሪ ባለሙያ ካሰባሰባቸው አሮጌ ገንዘቦች ሁሉ ለልጁ ሊያወርስ የመረጠው ይህንን ነው።

አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ ግራ ዐይኑን ጨፍኖ በማጉያ ሲመረምረው፣ ሴትዮዋ ፊት ላይ ጥቁር ነጥብ አገኘ። ብሩን እንዳይበላው ፈራ። በተጣራ ውሃ ዘፈዘፈው፤ አልለቀቀም። በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ አጠበው፤ አልለቀቀም። “አሮጌ ገንዘብ አይፈተግም” እያለ ሰው ሲመክር የኖረው ሰውዬ ሎሚና ሶዳ አመጣ። በመጨረሻ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያዘ።

“አባዬ፣ ልታገባት ነው እንዴ እንዲህ የምታሽሞነሙናት?” አለች ልጁ ምንትዋብ ከበር።

“ነጥቡ እንቢ አለኝ።”

ብሩን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ብሩ እንደ ማንኪያ ጀርባ ልሙጥ ሆኗል።

“የቱ ነጥብ? አባዬ፣ ፊቷን ምን አደረግኸው?”

“መሐሉ ላይ! አይታይሽም?” ማጉያውን ዐይኑ ላይ ደግኖ ጠቆማት።

ምንትዋብ ብሩን አስቀመጠች። ማጉያውን ወስዳ ግራ ዐይኑን በመዳፏ ከደነችለት።

“እስቲ አሁን እኔን እየኝ።”

አያት። ትከሻዋ አለ፤ የጆሮ ጌጦቿም አሉ። በመካከላቸው ጥቁር ብቻ ነበር።

በማግስቱ የዐይን ሐኪሟ በቀኝ ዐይኑ ውስጥ ያለው ጠባሳ እንደማይድን ነገረችው። በግራው የጀመረው ግን ገና ግማሽ ሚሊ ሜትር ስለነበር በሕክምና ሊገታ ይችል ነበር።