የሥዩም ሎሚ

ከአሬሮና ከፊልቱ የመጡት ሎሚ ቀላቢዎች ብዙ ሎሚ በአንዴ ሽቅብ እየወረወሩ በመቅለብ ችሎታቸውን አሳይተው ሲያበቁ፣ ባለሱቁ ራሺድ ወደ ነገሌ አደባባይ መካከል ገባ። ይህን ጨዋታ የለመደው ከጓደኛው ከሥዩም ጋር ፊት ለፊት ቆመው ሎሚ እየተቀባበሉ ነበር። ሥዩም ከዘመተ ወዲህ ራሺድ ቀላቢዎች በተሰባሰቡ ቁጥር አንዷን ሎሚ ሳይወረውር ጓደኛው ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ያስቀምጥለታል። የሥዩም እናት እማማ የዓለምወርቅም ጨዋታው ሲያልቅ አንስተው ወደ ቤታቸው ይወስዷታል።

ትናንት ግን የሥዩም መርዶ መጣ። ሽማግሌዎቹ ነገ ጎሕ ሲቀድ እናቱን ሊያረዱ ተማክረው፣ ራሺድን እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል አሉት። ትንፍሽ አላለም። እጆቹ ግን ሥዩም እንደማይመለስ ያወቁ ይመስል፣ አንዷንም ሳያስቀሩ ሎሚዎቹን ሁሉ ሽቅብ ላኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

«ራሺድ» አሉ እማማ የዓለምወርቅ ከፊት ረድፍ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሥዩምን ሎሚ የት አደረግሃት?»

ሎሚዎቹ በዙሪያው ረገፉ። ራሺድ ጎንበስ ብሎ አንዷን አነሳና ባዶው ቦታ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጣት። ቀና ሲል እማማ የዓለምወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር።