የሐምሌ ሰማይ

ያንን አንድ ሰማያዊ ሰማይ ከጠዋት ጀምሮ በስንት ሰው ፎቶ ላይ እንደለጠፈችው ረስታዋለች። ዓይኗ እየለበለባት፣ ዓለም ገና ከተማ ባለችው ጠባብ ፎቶ ቤቷ ውስጥ ሊያሳትሙ የመጡ የአንድ ሽማግሌን የማሳ ፎቶ ከስልካቸው ወደ ኮምፒውተሯ ገለበጠች። ከፎቶው ላይ የመብራቱን ምሰሶ ፋቀች፤ የተንጋደደውን አድማስ አቃናች፤ መሬቱ ጎልቶ እንዲታይ ጠርዙን ቆረጠች። በመጨረሻ ጥቁሩን ደመና ጠርጋ ያንኑ ሰማይ ዘረጋችበትና ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረች። “ይኸው ኦቦ፣ አማረልዎት።”

ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው ብዙ አዩት። “ልጄ፣ ይሄ የኔ መሬት ነው?”

“የርስዎ ነው እንጂ! ሰማዩን ነው ትንሽ ያሳመርኩት።”

“ጤፍ የዘራን ለት እኮ ነው ወንዱ ልጄ ያነሳው፤ በሐምሌ።” ድምፃቸው ድካም እንጂ ቁጣ አልነበረበትም። “ዘሩ ጭቃ ላይ ተበትኖ እንዲህ ያለ ሰማይ ብናይ፣ ስናለቅስ ነበር የምናድረው። አሁንማ ፎቅ በቅሎበታል። የመጨረሻው ዘሬ ነው፣ አታድርቂብኝ።”

ጥቁር ደመና ለእሷ እስከ ዛሬ ያልደረቀ ልብስና ታክሲ የማያስገባ የሰፈሯ የፉሪ ጭቃ ነበር። የሠራችውን አንድ በአንድ አፈረሰች፤ ምሰሶውንም ሳይቀር መለሰችው። ደመናው ተመልሶ ማሳው ላይ ሲያንዣብብ ሽማግሌው ፊታቸው ፈታ አለ።

“ገለቶሚ፣ እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ሊዘንብ ነው” አሉና ስክሪኑ ላይ ያለውን ደመና እያዩ ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው ተከናነቡ።