የሚካኤል ለት

የኢንሹራንስ መርማሪው ልሳኑ ሚያዝያ 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መካነ ሰላም ተቀምጦ ነበር። የእርዳታ እህል ጭኖ ገደል ስለገባው መኪና ምስክር ይሰማል። ከሾፌሩ ሌላ ሰው ተሳፍሮ ከነበረ ድርጅቱ ካሳ አይከፍልም። የመጨረሻዋ ምስክር ከገደሉ ሥር የሚኖሩት ወይዘሮ ይርገዱ ናቸው።

«አደጋው መቼ ደረሰ፣ እማማ?»

«የሚካኤል ለት ነዋ።»

በዚህ አገር ቀን የሚቆጠረው በታቦት ነው፤ ልሳኑ «መጋቢት 12» ብሎ ጻፈ።

«ሾፌሩ ብቻውን ነበር?»

«ኧረ ሁለት ናቸው። ሾፌሩን መሪው ደረቱን ሰንጥቆት ገባ። ያንደኛውን ፊት መስታወቱ እስካጥንቱ ገሽልጦታል። ቀኝ እጁን ለብቻው ከድንጋይ ላይ አገኘሁት፤ የኔ አሻራ ያለበት ወረቀት ጨብጧል።»

«ከእህሉ መኪና ውስጥ?»

«ምን እህል አላት? ትንሽ ነጭ መኪና ናት።»

ልሳኑ በመስኮት አየ። እሱን ወደ ደሴ የምትመልሰው ትንሽ ነጭ መኪና ደጅ ቆማለች፤ ሾፌሩ መስታወቷን ይወለውላል። ጉዞው ነገ ነው። ነገ ሚካኤል ነው።

«ይፈርሙ» አለና የቀለሙን ሳጥን ሊከፍት እጁን ሰደደ።

ይርገዱ ንጹሕ አውራ ጣታቸውን አሳዩት። «ፈርሜ የለ እንዴ፣ ልጄ?»

ልሳኑ የጻፈበትን ወረቀት አየ። ከግርጌው የአውራ ጣት አሻራ አለ። በደም ነው የታተመው፤ ደሙም ገና አልደረቀም።