ታች ባቡር፣ ላይ የስፌት መኪና

«እስረኛ የሚጠብቅም አብሮ ታስሯል» ይሉ ነበር የባቡሬ አባት። የወህኒ ቤት ዘበኛ ነበሩና ማታ ማታ ቁልፋቸውን ሚስማር ላይ እየሰቀሉ ይህንኑ ይደጋግሙት ነበር። ሊሞቱ ሲሉ ግን ሁለቱን ልጆቻቸውን አጠገባቸው ጠርተው፣ «አንዳችሁ ሌላችሁን ጥላችሁ እንዳትሄዱ» ብለው አስማሏቸው።

ስለዚህ ባቡሬ ቀረ። ስሙን ያወጣለት ሰፈርተኛው ነው። ከታላቅ እህቱ ጋር ፀጉሩ እስኪሸብት ኖረ፤ እሱ ምድር ቤት፣ እሷ ፎቅ። የሷ ደረጃ በውጭ በኩል ነው።

ባቡሬ ለአሻንጉሊት ባቡሮች የእንፋሎት ድምፅ ይሠራል። ጎማው ላይ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ አራት ማግኔቶች ይለጥፋል፤ አንዱ ባለፈ ቁጥር የከሰል ጋሪው ውስጥ የተደበቀችው ስፒከር «ቹፍ!» ትላለች። ጎማው ሲፈጥን ትንፋሹም ይፈጥናል፤ ሲደክመው አብሮት ይደክማል። «ድምፅ ከጎማ ቀድሞ ከወጣ ውሸት ነው» ይላል ባቡሬ።

እህቱ በእናታቸው የስፌት መኪና፣ በእግር በምትረገጠዋ፣ ልብስ ትሰፋለች። ቀኑን ሙሉ ከአናቱ በላይ ተክ ተክ ተክ ነው። ታች ባቡሩ ትንሽ ዝም ካለ ወለሉን በተረከዟ ትደበድባለች።

«አለህ ወይ?»

«አለሁ፣ እትዬ! የት እሄዳለሁ?»

ይቺ «የት እሄዳለሁ» ጉሮሮው ላይ እንደ አጥንት ትሰነቀርበት ጀመር። ባቡሮቹን የሚገዛው የሩቅ ከተማ ባለሱቅ «መሥሪያ ቦታም ማደሪያም አለኝ። እስከ ቅዳሜ ካልተነሣህ ግን ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» ብሎታል። በዕድሜው ሙሉ «ና» ያለው ሰው ይሄ ብቻ ነው። ለእትዬ እንዳይነግራት ልቧ ይሰበራል፤ ያለ እሱ አንዲት ቀን አታድርም።

ሰሞኑን ደግሞ የነቃችበት መሰለው። ታች ወርዳ የማታውቀዋ እትዬ አንድ ቀን ወርዳ አጠገቡ ቆመች።

«ድምፁን እንዴት ነው የምታስገባው?»

ደስ ብሎት አንድ በአንድ አሳያት።

«እና ሰው ሳያይ በጆሮው ብቻ ያምናል?»

«ጆሮ ሞኝ ነው፣ እትዬ። የለመደውን ከሰማ አይጠይቅም።»

«እንደ አንተ ማለት ነው!» ብላ ሳቀችበት።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርሱን አቀበለችውና ግንባሩን ከወትሮው አስረዝማ ሳመችው። «ዛሬ የሚሰፋ ብዙ አለብኝ። ወጥተህ ሥራ እንዳታስፈታኝ» አለችው። ባቡሬን ላብ አጠመቀው። አውቃለች!

ብዙም ሳይቆይ ከላይ ተክ ተኩ ጀመረ። እንደዚያን ቀን ቀንቷት አያውቅም፤ ክሩ አንዴ እንኳ አልተበጠሰም።

ባቡሬ ባቡሩን ለቀቀው። ሐዲዱን ሆነ ብሎ ዳገትና ቁልቁለት አድርጎታል፤ ዳገቱ ላይ ቹፍ… ቹፍ… ቁልቁለቱ ላይ ቹፍቹፍቹፍ። ለሰማው ሰው የሚነዳው እጅ ያለ ይመስላል። ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ከተተ። ድምፅ የሚቀዳበትን፣ ራሱ እየዞረ የሚደግመውን አሮጌ ቴፕ ሊይዝ ቢፈልግ ከመደርደሪያው አጣው፤ ተወው።

«አምላኬ ሆይ፣ እኔ አልዋሽም፤ የሚዋሸው ባቡሩ ነው። እሷን አደራ» ብሎ አማተበና የበሩን እጀታ ሲይዝ መብራት ጠፋ።

ባቡሩ ቀጥ አለ። ላይም ተክ ተኩ ቆመ።

ጆሮዋን ተክላ እያዳመጠች ነው! ባቡሬ የተረከዟን ድምፅ ጠበቀ። እግሩ ከወለሉ ጋር የተሰፋ መሰለው። ላይ ዝም፣ ታች ዝም። በቃ ቀረሁ ብሎ ሻንጣውን ሊያስቀምጥ ሲያጎነብስ መብራቱ መጣ። ባቡሩ ተነሣ፤ ላይም ተክ ተኩ ቀጠለ። ፈጣሪውን አመስግኖ፣ እንደ ሌባ በጣቱ እየረገጠ ወጣ።

አውቶቡስ ተራ ደርሶ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተው። የማያውቀውን ትኬት ቆራጭ ክንዱን ይዞ ጨቀጨቀው።

«ወንድሜ፣ አትነሡም እንዴ? ቤት ለቅቄው የመጣሁት ባቡር ቆሞ እህቴ ሳታውቅብኝ!»

ትኬት ቆራጩ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ዛሬ ምን ጉድ ነው፣ ጋሼ? ቅድም ያሳፈርኳት ሴትዮም ‹የስፌት መኪናዬ ድምፅ ቆሞ ወንድሜ ሳያውቅብኝ ቶሎ ንዱልኝ› ስትለን ነበር።»