ከኋላዬ ማን አለ?

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ይሄን ብቻሽን ሆነሽ እንዳታነቢው።

ሹፌሩ ትንሿን ልጁን ካጣ ወዲህ መኪና ወደ ኋላ መንዳት ሞት ሆኖበታል። ልጅት እኮ ሁሌ ከኋላ ቆማ፣ በሁለት እጇ እየጠራች "ና፣ ና፣ አባዬ፣ በቃ!" ትለው ነበር። አንድ ቀን "በቃ!" ያለችውን አልሰማትም።

መንዳቱን እንዳይተው ደግሞ የሚያውቀው ሥራ ያ ብቻ ነው። በቃ፣ የኋላ ካሜራ አስገጠመ። ካሜራው ግን ጨለማ ላይ ምንም አላሳይ አለ። ብልጭታ የሚሉት የመኪና ኤሌክትሪሻን፣ አብሮ አደጉ፣ ከታርጋው በላይ ለዓይን የማይታይ፣ ካሜራው ብቻ የሚያየው ብርሃን የሚሰጡ አምፖሎች ጨመረለት። ለመሞከር በጠራራ ፀሐይ የጋራዡን በር ዘግተው መብራቱን አጠፉ፤ ሹፌሩም መሪው ላይ ተቀመጠ።

"እህሳ፣ ቀን አልሆነልህም?" አለ ብልጭታ ከመኪናው ኋላ ቆሞ። "ላንተ ስል እኔ ራሴ አምፖል ሆኜ ልቀር ነው እኮ!"

ሹፌሩ አልሳቀም። ስክሪኑ ላይ ግድግዳው፣ የተደረደረው ጎማ፣ ሁሉም ጥርት ብሏል። ብልጭታ ግን የለም። እሱ በቆመበት አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማ በሁለት እጇ ትጠራዋለች።

"ከኋላዬ ማን አለ?"

"ማንም የለም፣ ዝም ብለህ ና።"

"እስቲ መጥተህ እየው፣ በሞቴ።"

ብልጭታ እያጉረመረመ ጋቢና ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ስክሪኑን ሲያይ አፉን በእጁ ያዘ። ሹፌሩ ፍሬኑን አጥብቆ ረገጠ።

ያኔ ከኋላ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ የብልጭታ የራሱ ድምፅ መጣ።

"ማንም የለም፣ ዝም ብለህ ና።"