የሞላሌዋ ጠባብ ቤት

ጋሽ ወዳጆ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ልጃቸው እስከዳር ግን አላስቀምጥ አለቻቸው። በደወለች ቁጥር "ብቻዎን እስከ መቼ? አብረን እንኑር" ትላቸዋለች። በመጨረሻ "እስቲ መጥቼ ልየው" አሉና ከዘመሮ ተሳፍረው ሞላሌ ወረዱ።

እስከዳርና ባሏ መኳንንት የተከራዩት ከገበያው ጀርባ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። መኳንንት አናጺ ነው። አንዱን ክፍል ጣውላና መጋዝ ሞልቶታል። በሌላው እነሱና ትንሿ ልጃቸው ቤተል ይተኛሉ። እስከዳር ደግሞ ወሯ ገብቷል፤ ሐኪሞቹ መንታ ነው ብለዋታል።

ጋሽ ወዳጆ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቤቱን ቃኙ። የት ነው የሚተኙት? ከአልጋው ስር? ከጣውላው ላይ? መንታዎቹስ? በግ እንኳ ጉረኖ ውስጥ ሲታጎር መዞሪያ ይተውለታል። "ሲፋቀሩ አንድ ቁርበት ይበቃል" ይባላል፤ እሳቸው ግን እግራቸው ረጅም ነው።

"እዚህ ጋ መደርደሪያ አልነበረም?" አሉ ባዶውን ግድግዳ እያዩ።

"መኳንንት አወረደው" አለች እስከዳር።

ሸጠውታል፤ ተቸግረዋል ማለት ነው፣ አሉ በሆዳቸው።

ምሳ ላይ መኳንንት ጥያቄ አበዛ።

"ጋሼ፣ ጣሪያዎ ክረምቱን አፈሰሰ?"

"አላፈሰሰም።"

"ግንቡስ? የተነቃነቀ ድንጋይ የለውም?"

"የኔ ቤት ምን አስጨነቀህ?"

"ያው ለማወቅ ነው" አለና ወደ ሚስቱ ዞረ።

እስከዳር እጇን ታጥባ አጠገባቸው ተቀመጠች። "አባባ፣ እኛ ያሰብነው…"

"ገብቶኛል ልጄ" ብለው አቋረጧት። ሲለምኗቸው አይወዱም። "አብረን እንኖራለን። ስትወልጂ ብቻሽን አትሆኚም። ከዚህ በላይ አትጨቅጭቂኝ።"

እስከዳር ጉልበታቸውን ሳመች፤ እንባዋም መጣ። "ከጥምቀት በኋላ ይሁን?"

"ይሁን።"

ቃላቸውን ሰጥተው ተመለሱ። ቤታቸው ሲደርሱ ጎረቤታቸው ተገኘ አጥሩ ጋ ቆሞ ጠበቃቸው።

"ጋሽ ወዳጆ፣ ዝም ብል ሆዴ አልችል አለኝ" አላቸው። "ባለፈው ለተዝካር ወደ ቀየት የሄዱ ጊዜ አማችዎ መጥቶ ነበር። ሜትር ይዞ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ለካው። የበጎቹን ቤት ሳይቀር።"

"ምን አለህ?"

"ለጋሼ እንዳትነግር አለኝ። እንግዲህ ሰው የሚለካው የሚሸጠውን ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ወዳጆ መቀመጫ አጡ። በሩን ይከፍታሉ፣ መልሰው ይዘጋሉ። ገብስ ሊያዩ ወጥተው ከመንገድ ይመለሳሉ። ይህን ግንብ ሲያሠሩ ሚስታቸው ድንጋይ በጀርባዋ ተሸክማለች። እስከዳርን የወለደችው እዚያ መደብ ላይ ነው፤ ያረፈችውም እዚያው። እሳቸው ሞላሌ ሄደው ጥግ ሲይዙ፣ አማቻቸው ይህን ለባዕድ ሊቸበችብ ነው። የጣሪያው ጥያቄ፣ የግንቡ ጥያቄ፣ ሁሉም አሁን ገባቸው።

ልጃቸውን ግን መተው አልቻሉም። ቃል ሰጥተዋል፤ ደግሞም መንታ ነው። ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱና ከደብሩ አለቃ ከመምሬ ወልደ አማኑኤል ዘንድ ሄዱ።

"ቤቴን ለደብሩ ልሰጥ ነው" አሉ። "የአብነት ተማሪዎቹ ይጠለሉበት። ብርድ ላይ ናቸው።"

መምሬ ትንሽ አሰቡ። "ልጅዎ ታውቃለች?"

"ልጄ ባል አላት።"

"ቢያማክሯት ምናለ?"

"ካማከርኳት ታለቅሳለች። ካለቀሰች እኔ እለሰልሳለሁ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሽማግሌዎች ፊት ቆመው ቤቱን አስረከቡ። ሊበተኑ ሲሉም ጋሽ ወዳጆ እጃቸውን አነሱ።

"አንድ ነገር ቀርቷል። ይህን ስጦታ ማንም እንዳያፈርሰው ይገዝቱልኝ።"

"ግዝት ቀላል ነገር አይደለም" አሉ መምሬ።

"ለዚህ ነው የፈለግሁት። አማቼም ቢሆን፣ ልጄም ብትሆን፣ እኔም ብሆን።"

መምሬ መስቀላቸውን አንስተው ገዘቱ። ሕዝቡ "አሜን" አለ። ጋሽ ወዳጆ ስንት ጊዜ የራቃቸውን እፎይታ አገኙ።

ጥምቀት አለፈ። ተማሪዎቹ ቁርበታቸውንና መጻሕፍታቸውን ተሸክመው ገቡ፤ መደቡን በእበት ለቀለቁ፣ በየጥጉ ተመደቡ። ጋሽ ወዳጆ በጎቻቸውን ለተገኘ አደራ ሰጡ። የሱፍ ባናቸውን ጠቅልለው ዳዊታቸውን ከላይ አስረው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። ሞላሌ ሲደርሱ በሩ ጥግ እንደሚተኙ ወስነዋል። እግሬን አጥፋለሁ፣ አሉ ለራሳቸው። ልጆቹ ሲያለቅሱ እኔ እነሳለሁ፤ እሷ ትተኛ። አማቻቸውንም እንደማይወቅሱት ወሰኑ፤ ችግር ነው ያሳሰበው።

አንድ አይሱዙ ከሞላሌ በኩል አቧራ እያስነሳ መጣና አጠገባቸው ቆመ። ጭነቱ ሸራ ለብሷል። መኳንንት ከጋቢናው ዘሎ ወረደ፤ ቤተልን አወረዳት፤ እስከዳርን እጇን ይዞ ደገፋት። ጋሽ ወዳጆ ባናቸውን አንስተው ብድግ አሉ።

"እኔን ለመውሰድ ይህን ሁሉ መኪና?" አሉ ፈገግ ብለው። "በሚኒባስ እመጣ አልነበረም?"

እስከዳር ጥቅሉን ከእጃቸው ተቀበለችና ግራ ገብቷት አየቻቸው።

"አባባ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት? እኛ እኮ የሞላሌዋን ቤት ለአከራዩ አስረክበን መጣን፤ የእርስዎ ቤት ለሁላችንም ይበቃል።"