ሁሉም የተስማሙበት ምስጋና

«‹በጥልቅ› የሚለው ይውጣ» አለ ኤኮው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «አምና ለተሸለመው ሰው ‹በጥልቅ› አላልንም። ዛሬ ብንል ያኛው ይቀየማል።»

«ያኛው እኮ ሞቷል» አልኩት።

«ባለቤቱ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች፣ አራባ።»

«በጥልቅ» ወጣ። ከግድግዳው ማዶ የምሳው እንግዶች ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፤ የጆሎፍ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ሽታ በበሩ ሥር እየገባ ያስጎመጀናል። እኛ ሦስት ጡረተኛ አምባሳደሮች ግን በዚህች ጠባብ የአክራ ቢሮ ተፋፍገን በአንዲት የምስጋና ጽሑፍ እንጨቃጨቃለን። ማኅበራችን ዓመቱን ሙሉ የሚደክመው ለዲፕሎማሲ ሙያ ነው። ጀማሪዎችን እናሠለጥናለን፤ አምባሳደርነት ሥራውን ለሚያውቅ እንጂ ለባለሥልጣን ወዳጅ አይሰጥ እያልን፣ የሚያነበው ሰው ይኑርም አይኑር፣ ጥናት እንጽፋለን። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ለሙያው የለፋ አንድ ሰው ምሳ ጋብዘን እናከብራለን።

የዘንድሮው ተረኛ አምባሳደር አግበኮ ናቸው፤ ሦስታችንንም ያሠለጠኑን ሰው። ሰማንያውን ካለፉ ቆይተዋል። ነገ ጠቅልለው ኬታ ከተማ ልጃቸው ቤት ይገባሉ፤ ሐኪማቸው ከዚያ በኋላ ረጅም መንገድ እንዳይሞክሩ አስጠንቅቋቸዋል። ዛሬ ካልተመሰገኑ መቼ ሊመሰገኑ ነው? እኔን ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር።

ረቂቁን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዋናዋ ዓረፍተ ነገር «እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ብዙዎቻችን እዚህ ባልደረስን ነበር» ትላለች። በእኛ ሙያ ግን ሁሉም ያልተስማማበት ጽሑፍ ከክፍል አይወጣም። ሦስተኛችን አልሃጂ ኢሳሃኩ ብዕሩን ይዞ መጣባት።

«‹ብዙዎቻችን› ማለት ስንት ነን?» አለ። «ያልተቆጠረው ሰው ምን ይሰማዋል? ደግሞ ‹እሳቸው ባይኖሩ› ሲባል ሌላው አሠልጣኝ ምን ሲሠራ ነበር ያሰኛል።»

«አልሃጂ፣ ምስጋና እኮ ነው። የድንበር ውል አይደለም።»

«የድንበር ውልማ ይቀላል። ካርታ አለው።»

ዓረፍተ ነገሬም ወጣች። በመጨረሻ የተረፈው ይህ ነው፦ «ማኅበሩ የአምባሳደር አግበኮን አስተዋጽኦ በአዎንታ ተመልክቶ ያመሰግናል።» ኤኮው ጮክ ብሎ አነበበውና ትልቅ ጦርነት እንዳስቆመ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ሁለቱ ፈረሙ። ዓሣው እየቀዘቀዘ ስለነበር እኔም ፈረምኩ።

«ቆይ» አለ ኤኮው ልወጣ ስል። «ስሙ የተነሳበት ሰው ጽሑፉን አስቀድሞ ማየት አለበት። ራሳቸው አግበኮ ያስተማሩን ደንብ ነው፤ አሳዪያቸው።»

አምባሳደር አግበኮ ከፍ ባለው ጠረጴዛ መሐል ተቀምጠዋል። ወረቀቱን ተቀብለው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት፤ ዓይናቸው ደክሟል። አንብበው ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«ማን ማን ተስማማበት?»

«ሁላችንም፣ አለቃ።»

«ያስታውቃል» አሉ። ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። «አንቺ ያረቀቅሽው ግን ይህንን አይደለም። የአንቺው የት ገባ?»

የት እንደገባማ አውቃለሁ፤ ከየት እንደመጣም። በመጀመሪያ ምድቤ፣ አንድ የወደብ ከተማ ውስጥ፣ የታሰሩ ዓሣ አጥማጆቻችንን ለማስፈታት ስንደራደር የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። ሆዴ ሲገፋ ከአገር ቤት አንድ የሚኒስቴር ሹም «እሷ ትመለስ፤ በምትኳ ወንድ እንልካለን» ብሎ ጻፈ። የዚያን ጊዜ አምባሳደራችን የነበሩት አግበኮ «ሥራውን የያዘችው እሷ ናት፤ እሷው ትጨርሰዋለች» ብለው መለሱ። በፊርማው ዕለት ለእኛ ወገን የተዘጋጀው ወንበር አንድ ብቻ ነበር፤ የአምባሳደሩ። እኔን አስቀመጡበትና እጃቸውን መደገፊያው ላይ አድርገው ከኋላዬ ቆሙ። የወደቡ ሹም ግራ ገብቶት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ያይ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ በዚያው ሳምንት አገራቸው ገቡ።

ጎንበስ ብዬ ጆሯቸው ሥር ተናገርኩ።

«አለቃ፣ ያኔ ብመለስ ኖሮ ሥራዬ እዚያው ያበቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ሁሉ እርስዎ ያቆዩልኝ ነው። ልጄም ታውቃለች፤ እየነገርኩ ነው ያሳደግኳት። ይህን ሳልነግርዎ ኬታ ይገባሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።»

ከኪሳቸው ነጭ መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ይህንንስ ማን ይስማማልሽ ነበር?» አሉ፣ ድምፃቸው ሰለል ብሎ።

ከዚያ አጭር እርሳስ አወጡ፤ እንደ ድሮው የእኛን ረቂቅ ሲያርሙ። «አስተዋጽኦ» ላይ ሰረዙ። «በአዎንታ ተመልክቶ» ላይ ሁለቴ ሰረዙ። የራሳቸውን ስም ሳይቀር ሰረዙት። «ማኅበሩ ያመሰግናል» ብቻ ቀረ። ከሥሩ ፈረሙና ወረቀቱን መለሱልኝ።

«ለሰው ይህ ይበቃል» አሉ። «የቀረውን ነግረሽኛል።»

የመድረክ መሪው ስሜን ጠራ። የእኔ ቦታ ከጠረጴዛው ጫፍ ነው፤ ማይክሮፎኑም ያለው እዚያ ነው። አልሄድኩም። ከአግበኮ ወንበር ኋላ ቆምኩ፤ አንድ እጄን መደገፊያው ላይ አድርጌ ሁለቱን ቃላት አነበብኩ።

አዳራሹ ተጨማሪ ይጠብቃል። ኤኮው ከበሩ አጠገብ ጉሮሮውን ጠረገ። አልሃጂ ኢሳሃኩ የፈረመበት ጽሑፍ ተቆርጦ ሲነበብ ሰምቶ ፊቱን አጨፈገገ። አምባሳደር አግበኮ ግን ዞር እንኳ አላሉም፤ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው መደገፊያው ላይ ያለውን እጄን ያዙ።